ጋሽ መቀስ ኮርቻ ላይ

ጋሽ መቀስ የሚሉት ልብስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊማ ስንቱ አለ! ስሙን ያወጣለት ምላሱ ነው። ጨርቁን በመቀስ፣ ሰውን በምላሱ ይቆርጣል፤ ጨርቁን እንኳ መልሶ ይሰፋዋል፣ ሰውን ግን ሰፍቶ አያውቅም። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ሲሆን፣ ከሱቁ ወደ ሳሎኑ የምታስገባ አንዲት ጠባብ በር አለች።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከዚያች በር ወዲያ ተቀምጣ ለልጃቸው ትደውላለች። ልጃቸው አንድ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ከተማ ብስክሌት ትጠግናለች። ከአባቷ ጋር ከተነጋገሩ አራት ዓመት አልፏቸዋል። እና ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጋሽ መቀስ የስፌት መኪናውን ያቆማል። ለምን አቆምክ ያሉት እንደሆነ «ካውያው እስኪግል ነው» ይላል። ካውያው ከጋለ ቆይቷል። የተተኮሰ ሱሪ መልሶ እየተኮሰ፣ ጆሮውን ወደ በሩ አዘንብሎ፣ ልጁ በልታ እንደሆነ፣ ከልጅነቷ የነበረባት ሳል ለቋት እንደሆነ ከሚስቱ አነጋገር ሊገምት ይሞክራል። የሚሰማው «እሺ የኔ ቆንጆ» እና «ኧረ ተይ!» ብቻ ነው። በዚያችው ሳምንቱን ይገፋል።

ጸቡ እንዲህ ነበር። ልጅቷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከወዳደቀ ብረት አንዲት ብስክሌት ገጣጠመችና መንዳት ጀመረች። አንድ ቀን ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ ገባች፤ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «አባዬ፣ ቁምጣ ስፋልኝ። ውስጡ ወፈር ያለ ይሁን። ኮርቻው አቆሰለኝ» አለችው። በጆሮው ነው ያለችው። እሱ ደግሞ ሰው ሲያይ ምላሱ አያርፍም።

«እኔ የምሰፋው ለሰው ነው እንጂ ለፈረሰኛ አይደለም! ካቆሰለሽ ውረጂ! ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ ምን ጠፋባት?» ብሎ ጮኸ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ቀልድ የሠመረለት መስሎት ነዋ! ልጅቷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሁለት ወር ቆይታ ልብሷን በሻንጣ ከታ በአውቶቡስ ሄደች። ብስክሌቷን ለእናቷ ትታ፣ «ለአባዬ ስጪው። እዚህች ላይ ተቀምጦ እኔ ያለሁበት ድረስ የመጣ ቀን ያናግረኛል» አለች። እናትየዋ ሳትጨምር ሳትቀንስ አደረሰች።

«እንዲህ ብላ ላከችብኝ?» ብሎ ደነፋ። «ትመጣታለች! የትም አትደርስ!»

የት እንደደረሰችማ ታወቀ፤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ደረሰች፣ ሥራ ያዘች፣ ቤት ተከራየች፣ ወይ ፍንክች አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እሱም ቃሉን መሰብሰብ አቃተው። ብስክሌቷን ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀላት። አራት ዓመት ሙሉ አቧራዋን የሚያብሰው ማን እንደሆነ ሚስቱ ታውቃለች፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ሚስቱ እጇ በሥራ ተይዞ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ኖሯል። ጋሽ መቀስ ከበሩ ወዲህ ሆኖ የሴት ሳቅ ሰማ። ወፍራም፣ ሞላ ያለ፣ ከሆድ የወጣ ሳቅ።

«እንግዳ አለብሽ እንዴ?» ብሎ አንገቱን አስገባ።

ሚስቱ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችና አየችው። ልትቆጣው ይሁን ልታዝንለት ለራሷም የገባት አትመስልም።

«ልጅህ ናት» አለችው።

ተመልሶ ካውያውን ያዘ። የገዛ ልጁን ሳቅ አላወቀውም! እሱ በጆሮው ይዞ የኖረው የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ሳቅ ነው፤ ያቺ ልጅ የለችም። አራት ዓመት ደግሞ ቢጨመር መንገድ ላይ አግኝቷት ደህና ዋልሽ እንኳ ሳይላት ሊያልፍ ነው። ይህን ሲያስብ ካውያው እጁ ስር ቆሞ ቀረ። የሰው ሱሪ ማሳረሩ የታወቀው ሽታው ሳሎን ሲደርስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቷን ከግድግዳ አወረዳት። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። በጎረምሳነቱ የጓደኛ ብስክሌት እየተዋሰ ስለነዳ ሚዛን መጠበቁ አልጠፋበትም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጥቂት ቀን ይለማመዳል፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተነሥቶ ይሄዳል። የፈራው እግሩንና ትንፋሹን ነበር። መጀመሪያ ቀን እስከ ጣውላ መሰንጠቂያው ሄዶ ተመለሰ፤ አሥር ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ። እግሩም ትንፋሹም አላሳፈሩትም። ቤቱ ሲደርስ ግን ከኮርቻው የወረደው ሌላ ሰው ነው፤ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ በርሜል ያቀፈ መስሎ ነው የገባው።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምነው እንደ ዳክዬ?»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ።»

በሦስተኛው ቀን መቀመጥ አቃተው። የልብስ ሰፊ ኑሮ ደግሞ መቀመጥ ነው! መኪናው በእግር የሚረገጥ ስለሆነ ቆሞ አይሰፋበትም። በግራ ጎኑ ተደግፎ ሞከረ፣ በቀኝ ሞከረ፤ በመጨረሻ ትራስ አምጥቶ ሁለት አጥፎ ተቀመጠበት። ትራሱ ላይ ተቀምጦ ሲያቃስት ሚስቱ ደረሰችበት። እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቋን ልትውጥ ታገለች፤ አልሆነላትም።

«አይ ጉድ! እውነትም ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው!» አለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን አጠገቡ በርከክ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ «ልትሄድ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

«እንዳትነግሪያት።»

«አልነግራትም። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረህ ማንን ላሳፍር ብዬ?»

ጋሽ መቀስ ግን መፍትሔው በእጁ ያለ መሰለው። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው ለአንድ ቁምጣ ይሸነፋል? ሙሉ ቀን በሩን ዘግቶ ሰፋ። ጨርቁ ጠንካራ የሱሪ ጨርቅ ነው። መሃሉን፣ አራቱ ስፌት የሚገናኝበትን ቦታ፣ እንዳይተረተር ብሎ ሁለት ጊዜ አጥፎ በድርብ ክር መታው። ለመቀመጫው ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኮት ሲሰፋ ትከሻ ውስጥ የሚያስገባው ስፖንጅ አለ፤ ሰውን ደረቱን ያስነፋዋል፣ ትከሻውን ያሰፋዋል። ሁለቱን አንሥቶ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ሰፋቸው። ከስር የጥጥ ሙታንታውን ለበሰ። በመስታወት ዞር ብሎ ራሱን ሲያይ ትከሻው ወደ ታች የወረደ ሰው መስሏል፤ ለስፌቱ ግን እንከን አልወጣለትም። በሥራው ኮራ።

በዚያ ቁምጣ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አለቀሰ። እውነቴን ነው፤ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው መንገድ ዳር ብስክሌቱን ተደግፎ እንባው ወረደ። ስፖንጁ ግራና ቀኝ ሸሽቶ ያ የኮራበት ድርብ ስፌት መሃል ላይ ቀርቷል፤ ሙታንታው በላብ ረጥቦ ከስር ተጠቅልሏል፤ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ስፌቱ ቆዳውን ይልጠዋል። ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ።

መድኃኒት ቤት ሲገባ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ሆና ተገኘች። ጋሽ መቀስ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ «አንድ ደንበኛ አለኝ» ብሎ ጀመረ። «ሳይክል ጀምሮ… እንግዲህ… ከወደ ኋላው ተላጠ።»

«ደንበኛዎ ከቁምጣው ስር ሙታንታ ይለብሳሉ?»

«ይለብሳል እንጂ! ባለጌ አይደለም!»

«ይንገሯቸው፤ አይልበሱ። እርጥብ ጨርቅ ነው የሚልጣቸው። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ታጥበው በደንብ ያድርቁት፣ ይሄን ቅባት ይቀቡ። እስኪሽር ሳይክሉን አይንኩት፤ ሳይሽር ከወጡበት ያመረቅዛል። ቁምጣው ደግሞ መሃሉ ላይ ስፌት ካለው ይቀየር። ማን እንደሰፋላቸው አላውቅም…»

«ስፌቱ ምንም አይወጣለት!»

ባለሙያዋ ቀና ብላ አየችው። ጋሽ መቀስ ቅባቱን ነጥቆ ወጣ።

የዚያን ዕለት ራት ሲቀርብ ሳህኑን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ በላ። ሚስቱ ቁጭ በል አላለችውም። ሁለት ጉርሻ እንደዋጠ እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጁም እንዲሁ ቆማ ትበላ ነበር! እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ሳህኗን በመዳፏ ይዛ፣ ስንት ቀን። እሱ ምን ነበር ያላት? «ምነው፣ ዘበኛ አደረጉሽ እንዴ?» ነበር ያላት። እሷም ፈገግ ብላ፣ «መቆም ይሻለኛል አባዬ» ብላ ነበር። ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባና የመብራቱን ማብሪያ ሳይነካ ቆየ። ቢቻል የዚያን ቀን ምላሱን ቆርጦ በጣለው! ግን ያለፈ ቀን በምን ይያዛል።

ሦስት ቀን ታጠበ፣ ተቀባ፣ በሆዱ ተኛ። ቁስሉ ገና አፉን እየገጠመ ነው። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ናፍቆቱ ከቁስሉ በረታበትና ተነሣ። ሙታንታውን ትቶታል፤ ያቺን ምክር እንኳ ሰምቷል። ስፌቱን ግን አልነካውም። የሠላሳ ዓመት ሙያውን አንዲት የመድኃኒት ቤት ልጅ ልታርምለት? ሞቶ ነው! ሚስቱ ውሃ በኮዳ ሞልታ ሰጠችው፤ ከቤት ወጥታ እስከ መታጠፊያው አብራው ሄደች። «ደርሰህ ደውል» ብቻ አለችው፤ ከዚያ በላይ ብትናገር ድምፅዋ እንደማይታዘዝላት ታውቃለች።

መንገዱን በሙሉ ልዘርዝር ብል ሰው ይሰለቻል። እስከ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ደህና ነበር። ከዚያ ቆሞ መንዳት ጀመረ፤ ቆሞ ሲነዳ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሲቀመጥ እሳት ነው። ሃያኛው ላይ ወርዶ ዛፍ ስር ቆመ። የጭነት መኪና ሹፌር አዘነለትና ፍሬን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ልጫንዎት?» አለው። ጋሽ መቀስ መኪናውን አየ፣ ብስክሌቷን አየ። «እዚህች ላይ ተቀምጦ የመጣ ቀን» ነው የተባለው። «የለም ልጄ፣ ደርሻለሁ» አለ። ገና አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ጥርሱን ነክሶ ተቀምጦ ነዳት። ተቀምጦ ካልደረሰ የደረሰ አልመሰለውም።

ልጁ የምትሠራበት ሱቅ የሚጠገኑ ብስክሌቶች እስከ መንገዱ የተደረደሩበት ጠባብ ቤት ነው። ውስጥ አንዲት ሴት ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ጎማ የሌለው ቸርኬ እያሽከረከረች በአንድ ዓይኗ ቀጥ ማለቱን ትለካለች። አሁንስ አወቃት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስትለካ ቁርጥ እሱን ናት፤ እሱም የሱሪ ቁመት የሚለካው እንዲሁ ነው።  ለሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋ።

እሷ መጀመሪያ ያየችው ብስክሌቷን ነው። ከዚያ መሪውን የያዘውን እጅ፣ ከዚያ ፊቱን። የምታሽከረክረው ነገር በራሱ ጊዜ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«በሷ ነው የመጣኸው?»

«በሷ።»

ርጩማ ስባ አቀረበችለት። «ተቀመጥ።»

«መቆም ይሻለኛል» አለ ጋሽ መቀስ።

 ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ አቋቋሙን፣ እግሩን እንዴት እንዳራራቀ። ያን አቋቋም ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ውሃ አመጣችለት። ከጓሮው መጋረጃ አለ፤ የሥራ ቱታ ሰጥታው እዚያ ቀየረ። ቁምጣውን ተቀብላ ገለበጠችው፤ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና ቆም አለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስፖንጅ ነው።»

«የምን ስፖንጅ?»

«የኮት ትከሻ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከበሩ ወዲህ ሆኖ የሰማው ያ ሳቅ መጣ፤ ወፍራም፣ ከሆድ የወጣ። ጠረጴዛውን ይዛ ጎንበስ ብላ ሳቀች። ጋሽ መቀስ ሲሳቅበት ደስ ያለው በዕድሜው የመጀመሪያ ቀን ይህ ነው። ሳቋ ሲበርድ ጣቷን መሃሉ ላይ አሳረፈች። «የላጠህ ግን እሱ አይደለም። ይሄ ነው። እዚህ ጋ ስፌት አይኖርም አባዬ።»

ለልብስ ሰፊ ስፌትህን ፍታ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ፍቺው» አላት።

ምላጭ አንሥታ ክሩን አንድ በአንድ ትበጥስ ጀመር። እሱ አጠገቧ ቆሞ ድርብ ስፌቱ ሲፈታ እያየ፣ በሰው ፊት መናገር የማይቸግረው ያ ምላስ እየተያያዘበት፣ «ያኔ ቆመሽ ነበር የምትበዪው» አለ።

እጇ ቆመ። «አይተኸኝ ነበር?»

«አይቼ ቀለድኩብሽ። ሰው ፊትም ቀለድኩብሽ። በድያለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ክሩን መበጠስ ቀጠለች። «ሁለት ሳምንት በሆዴ ነው የተኛሁት» አለች ቀና ሳትል። «ለእማዬ እንኳን አልነገርኳትም፤ አፈርኩ። ለአንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ። አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር፤ ሰፊ ነህ ብዬ።»

  እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ በእጅጌው ጠረገው።

«ቂም የለኝም» አለች። «እውነቴን ነው። መጀመሪያ ዓመት ነበረኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ነህ እያልኩም እሮጥ ነበር። በኋላ ቂሙም አለቀ፣ ናፍቆቱም አለቀ። አሁን ሳይህ… ደግ ሽማግሌ የመጣብኝ ነው የሚመስለኝ። ልዋሽህ እንዴ?»

«አትዋሺኝ።»

ዘግይቷል። በሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ሳይሆን በአራት ዓመት ነው የዘገየው። ሰው እንዲህ ሲባል ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይወጣል፤ ጋሽ መቀስ እግሩን አራርቆ እዚያው ቆመ። ቀና ብሎ ፊቷን በደንብ አየው፤ ቅንድቧ ላይ የማያውቀው ትንሽ ጠባሳ አለ፣ ጉንጯ ላይ የግራሶ ጥቁር። መቼ ወድቃ እንደተጎዳች እንኳ አልሰማም።

«እኔ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ናፍቆቱን እኔ ለሁለታችንም እችለዋለሁ። አንቺ አትልፊበት። በሩን ብቻ አትዝጊብኝ።»

የመጨረሻዋን ክር መዘዘች። ቁምጣውን ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ብስክሌቷ ሄደች፤ ኮርቻውን ፈትታ በጣት ያህል ዝቅ አደረገችው፣ የፊት ጫፉንም አስተካከለችው። ወገቡን በእጇ ለካችና ከኮርቻው ጋር አስተያየችው። አራት ዓመት ሙሉ እጇ ሲነካው የመጀመሪያው ነው፤ ጋሽ መቀስ እንደ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ተለካ።

«ዛሬ በአውቶቡስ ነው የምትመለሰው። ሳይክሉን ጣሪያ ላይ ይጭኑልሃል» አለች ብሎኑን እያጠበቀች።

«እሺ።»

«ሥራ የሚቀለኝ ቅዳሜ ነው። እስከ ሰባት ሰዓት ክፍት ነን።»

«ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?»

«ሁለት ሰዓት።»

«የሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ።»

ብሎኑን ትታ ቀና ብላ አየችው። እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«መጀመሪያ ቁስልህ ይሻር አባዬ» አለች። «ከዚያ ና።»